አንቺ በላት

እኔ ስናገር ሰው የልጅ ልጄን ነው የሚያየው። አፌን ሞልቼ፣ በገዛ ቋንቋዬ እናገራለሁ፤ ሰሚው ግን አንገቱን ወደ እሷ ያዞርና «ምን እያሉ ነው?» ይላታል። የባዕድ ቋንቋ የተናገርኩ ይመስል። መጀመሪያ ጆሮአቸው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው ጆሮአቸው ደህና ነው፤ የተበላሸው ዓይናቸው ነው። ሽበት ሲያዩ ከሽበቱ ሥር ያለው ጭንቅላት አይታያቸውም።

ከሁሉም የባሰው ያ ሥራ አገናኝ የሚሉት ቢሮ ነው። እዚያ ቤት ወንበሩ ከእኔ ይሻላል። ወንበር ሲሰበር ቢያንስ አንድ ሰው ዞር ብሎ ያያል።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የልጅ ልጄ የክሬን ኦፕሬተር መሆን ነው የምትፈልገው። ፎቅ ሲሠራ ከፎቁ በላይ ቆሞ ብረትና ብሎኬት የሚያነሳውን ረጅም ነገር አይታችሁታል፤ እዚያ አናቱ ላይ ባለችው ክፍል ቁጭ ብላ እሱን ማዘዝ ነው ምኞቷ። ከየት አመጣችው ለሚል ሰው፣ ከእኔ ነው ያመጣችው። እኔ ጉልበቴን የጨረስኩት ባሬላ ስሸከም ነው። ባሬላ ረጃጅም እጀታ ያለው ሳንቃ ነው፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ የተቦካውን ሲሚንቶ ጭነው ይሸከሙታል። እኔ ቁመቴ ረዘም ስለሚል ከኋላ ነበርኩ። ከኋላ ያለች ሴት የምታየው ነገር ቢኖር የፊተኛዋን ጀርባ ነው። እሱ ሲሰለቸኝ ቀና እልና ክሬኑን አያለሁ። ያ እላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሽንቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል እያልኩ ስንቱን ቀን አስቤያለሁ መሰላችሁ። ልጅቷን ሳሳድግ ሌላው ሰው ለልጁ ተረት ሲነግር እኔ የምነግራት ይህንኑ ነበር። በዚያው ገባባትና ቀረ።

ታዲያ ቢሮው የክሬን ኦፕሬተር ሥልጠና አወጣ። ደስ አለን። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ሥልጠናው ለመግባት መነጽሩን መልበስ ግዴታ ነው ተባለ። መነጽር ሲሉኝ የማንበቢያ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ዓይንን እንዳለ የሚሸፍን፣ በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰር፣ የፈረስ ልጓም የመሰለ ነገር ነው። ያንን ያደረገ ሰው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል። ሆስፒታል ገብቶ ነርስ ይሆናል፤ ጋራዥ ገብቶ መኪና ይፈታል። ሥራውን ሳይዝ ሥራውን ይቀምሰዋል፤ የሚሆነውንና የማይሆነውን ይለያል። ስሙን ምናባዊ እውነታ ይሉታል። ምናብ ከሆነ እውነት አይደለ፣ እውነት ከሆነ ምን ምናብ አስፈለገው? ብቻ ሐሳቡ አይከፋም፤ አልዋሽም። ለእኔም ባሬላ ከመንካቴ በፊት እንዲህ ያለ መነጽር አድርገውልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እግሬ አውጪኝ ብዬ እጠፋ ነበር። ክፋቱ ያለው መነጽሩን የያዙት ሰዎች ላይ ነው።

ልጅቷ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ወደቅሽ ወይ ብላት፣ መውደቅ የሚባል ነገር የለም፣ «ወደሚስማማሽ ዘርፍ መርተንሻል» ነው የሚሉት አለችኝ። የመሩአት የት ነው? እንግዳ ተቀባይነት። ሆቴል በር ላይ ቆሞ ጥርስን ማሳየት። ቤታችን እንግዳ የመጣ ቀን ከጓዳ በእጇ ተጎትታ የምትወጣ ልጅ፣ ሰላም በይ ካልተባለች ሰላም የማትል ልጅ፣ እንግዳ ተቀባይ! የሆቴሉ ባለቤት ምን በድሏቸው ነው?

ለምን ክሬኑን ከለከሉሽ አልኳት። መሣሪያው መመሪያ ሲሰጣት አልተንቀሳቀሰችም፤ ስለዚህ ተነሳሽነት ይጎድላታል ብሎ ፈርዷል። የሥልጠናው ምዝገባ ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ልጄ፣ የዚህችው ልጅ እናት፣ ይህን ስትሰማ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ጥላ ሥር የሚሠራ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ሰማይ ላይ ከመሰቀል ይሻላል አለች። እሷ ከማን እንደወጣች እንጃ፣ ከፍታ ትፈራለች፤ በርጩማ ላይ ቆማ አምፖል አትቀይርም። አምፖሉን የምትቀይረው፣ ጣሪያ ወጥታ የውሃውን ታንከር የምታየው፣ ቆርቆሮው ንፋስ ሲያነሳው ድንጋይ የምትጭነው ያቺው ተነሳሽነት የላትም የተባለችው ናት። ልጄን እስቲ አፍሽን ያዢ አልኳት። ያዘች፤ በኩርፊያ።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ፈርተሽ ነው አልኳት፤ እዚያ ስትወጪ ቆሌሽ ተገፎ ነው፣ ስንት ዘመን ክሬን ክሬን ስትይኝ ከርመሽ በመጨረሻ በሥዕል ደነገጥሽ። ይህች ልጅ መልስ የምትመልስ ዓይነት አይደለችም። ያን ቀን ግን መለሰች።

«አልፈራሁም። የተባልኩትን ነው ያደረግኩት። ካላመንሽኝ ሄደሽ አንቺው አድርጊው።»

እሷ አንቺ ትለኛለች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ መብቷ ነው። ሌላው ሰው እንዲህ ቢለኝ አፉን አስይዘዋለሁ።

እኔም በነጋታው ነጠላዬን ለበስኩና ተነሳሁ። ቅድሚ አልኳት።

ቢሮው ረጅም አዳራሽ ነው፤ ብረት ላይ የተበየዱ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ብርጭቆ የሌለው የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን። ሥራ ፈላጊው ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። መነጽሩን ለሰው የሚያስር አንድ ጎልማሳ አለ፤ የሳሳውን ፀጉሩን ከአንድ ጆሮው ወደ ሌላው አሻግሮ አስተኝቶታል። ስሙን ስላልነገረኝ አልባሹ ብዬዋለሁ። ሥራ ልመዘገብ ነው የመጣሁት አልኩት። እሱ እሷን አየ።

«ማዘር ምን ፈልገው ነው?» አላት።

«አልወለድኩህም፤» አልኩት። «ብወልድህ እንዲህ አላሳድግህም ነበር። የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ ለእኔ መልስ።»

መነጽሩ ለሥራ ፈላጊ ብቻ ነው አለኝ። እና እኔ ምን ፈላጊ መሰልኩህ? ዕድሜዎ ስንት ነው አለኝ። ሥራ ለመፈለግ ይበቃል አልኩት። ራስ ያዞራል አለኝ። ራሴ እስከ ዛሬ ያልዞረው ያንተን ዓይነት ሰው ሳላይ ቀርቼ ነው? ከኋላ የቆመ ሰው ሳቀ። አልባሹ ምርር አለውና ኮምፒዩተሩ ላይ ለተቀመጠችው ሴት «ይሁን መዝግቢያቸው፤ ሞያ የላቸውም በይ» ብሎ ጮኸ።

በአዳራሹ መሐል። ሞያ የላቸውም። ወይዛዝርት ሁሉ በተቀመጡበት አንዲት ሴት እንዲህ ከምትባል በጥፊ ብትመታ ይሻላታል። ይህ ሰውዬ የማንን ቤት ምግብ በልቶ ነው ያደገው? ጸሐፊዋ ግን ገባት መሰለኝ፣ እንደ መሽኮርመም ብላ «እማማ፣ ሥራ ማለቱ ነው፤ ምን እንበል?» አለችኝ። ባሬላ በይ አልኳት። ፈልጋ አጣችው፤ መሣሪያው የሚያውቀው ሞያ ውስጥ ባሬላ የለም። ስለዚህ ሞያ የላቸውም የሚለው እንዳለ ቀረ። አውራ ጣቴን አስነክተው አስፈረሙኝ።

ያኔ ነው ኃላፊው ከመስታወት ክፍሉ የወጣው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ወሬው የተተኮሰ ሰው። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአልባሹ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ፊቱ በራ። ይሁን ይልበሱ፣ ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል፣ መነጽሩ ዕድሜ እንደማይመርጥ ያሳያል አለ። ስልኩን አወጣ። የልጅ ልጄ በነጠላዬ ጫፍ ጎተተችኝ፤ እንሂድ ማለቷ ነው። አልሄድኩም። ፎቶም ያንሳ፣ የፈለገውን ያድርግ፤ እኔ የመጣሁት የልጅ ልጄን የጣላትን ነገር በዓይኔ ላየው ነው።

የክሬኑን አድርግልኝ አልኩት አልባሹን። አስቀመጠኝ፣ ነጠላዬን ከራሴ አወረደ፣ መነጽሩን አሰረብኝ። የማየው ሁሉ እዚያ ትልቁ ስክሪን ላይ ለሰው ይታያል አሉ።

ጨለመ፤ ከዚያ ነጋ። እግሬ ሥር መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ያላለቀ ፎቅ፤ ከፎቁ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ ሠራተኞች። አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሸክም ይዘው ይሄዳሉ። ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ እነሱን ሳይ እውል ነበር። ግን ብቻዬን አይደለሁም። በቀኜ ሌላ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ ሰውዬ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በእኔም በእሱም ፊት እንደ መኪና ማርሽ ያሉ መያዣዎች ተተክለዋል። ጤና ይስጥልኝ አልኩት። ዝም። ኩሩ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ከየት እንደሆነ እንጃ የወንድ ድምፅ መጣ፤ የሬዲዮ ዓይነት፣ የተቀባባ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ዛሬ የክሬን ኦፕሬተር ነህ። በግራህ ያለውን መያዣ ቀስ ብለህ ሳበው።»

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። አይነቃነቅም። ትንሽ ጠበቅኩት።

«ተባልክ እኮ፣» አልኩት። «ሳበው እንጂ።»

ከመነጽሩ ውጪ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ፣ ሳቅ ተሰማ። ሰውዬው ወይ ፍንክች። ድምፁ መልሶ መጣ፤ «አልሳብክም። እንደገና ሞክር» አለው።

«ሰማህ? እኔ አላሳበቅኩብህም፣ ራሱ አይቶህ ነው። እጅህን ከጭንህ ላይ አንሳ። አንተን ብሎ ኦፕሬተር! እላይ ለመቀመጥ ነው የመጣኸው?»

ሳቁ ባሰ። ጉልበቱን በመዳፌ ቸብ ላደርገው ብል እጄ አየር ቀዘፈ። የባሰ ሳቁ። ሥር ያሉት ሠራተኞች ራሳቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ፤ እኔም ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ሰውዬው እንደ ሐውልት ነው። በመጨረሻ ድምፁ «ጊዜህ አልቋል። ተነሳሽነትህን አሻሽል» አለው።

«ይበልህ፣» አልኩት።

መነጽሩን ሲያወልቁልኝ አዳራሹ በሙሉ ሆዱን ይዞ ነበር። አልባሹ እንባውን ይጠርጋል። ኃላፊው ስልኩን ወደ እኔ እንደቀሰረ ነው። ያልሳቀችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የእኔዋ። ስክሪኑ ፊት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«እምዬ፣» አለችኝ። «እኔም እሱን ነበር የጠበቅኩት።»

የሰማ ሰማ፤ ያልሰማው መሳቁን ቀጠለ። እኔ ግን ሰማሁ፤ ደሜም ፈላ። ይህችን ልጅ ሰው ሲጠራ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳታውቂ እጅሽን አትስደጂ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ደግ አድርጌ ነው ያስተማርኳት፤ ዛሬም አላፍርበትም። አንተ ከተባለ የተጠራው ወንድ ነው። ወንድ ደግሞ እነሆ ከጎኗ አስቀምጠውላታል፤ ሄልሜት አድርገው፣ ማርሽ ሰጥተው። እጁን ዘርግታ ከፊቱ ትንጠቀው?

ይህንኑ ነገርኳቸው። አልባሹ፣ ማዘር እሱ እኮ ሥዕል ነው፣ ለማሳመሪያ ነው አለኝ። አንተ የሚለውም ለሁሉም ነው፣ ሴትም ወንድም ሊለብሰው ስለሚችል አጠቃላይ አነጋገር ነው አለኝ። ሕፃን እንደሚያስረዳ ቃሉን እየጎተተ። እሺ አልኩት። ነጠላዬን መልሼ ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ፣ ጭኔ ላይ የተዉትን መነጽር ይዤ ተነሳሁ፣ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ነይ እስቲ አንቺ፣ ይህን ተቀበዪኝ።»

ይኼኔ አልባሹ ምን አደረገ? ዞሮ ከኋላው ያለውን አየ። የትኛዋን ሴት እንደጠራሁ ሊያይ።

«ማንን ነው የሚሉት?» አለኝ።

«አንቺን። ምነው ዘገየሽ? ተነሳሽነት ይጎድልሻል።»

አሁን ሳቁ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ የተኛው ፀጉሩ ሳይቀር የተነሳ መሰለኝ። እንዲህ አይባልም፣ ስድብ ነው፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ አለ። ምን ያስቆጣሻል፣ ለሁሉም ነው፣ አጠቃላይ አነጋገር ነው አልኩት። መነጽሩን ከእጄ መንጭቆ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ጣለው። ካልጠፋ ቦታ።

ይኼን ጊዜ ግድግዳ የተደገፈች አንዲት ጎረምሳ የመሰለች ልጅ፣ እኔ ግን ወዲያው ነው የሳብኩት፣ ምንም ግር አላለኝም ብላ ገባችበት። ኃላፊው በእሷ ተንጠለጠለ። አያችሁ አለ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም ነበር፤ ወንድሞቿ መሐል ብቻዋን ሴት ሆና ስላደገች ቤት ውስጥ ሁሉም አንተ እያሉ ነው የሚጠሯት። እሷ ለምዳዋለች፤ የተባረከች ናት፣ ትሳበው። የእኔዋ ወንድም የላትም። ወንድም ያልወለድንላት ለዚህ ፈተና ስንል ነበር እንዴ?

ኃላፊው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፎቶው ከእንግዲህ እንደማያምርለት ገባው መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገና ነገር ጀመረ። መሣሪያው ከውጭ የተገዛ ነው፤ ድምፁ የተቀዳው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱ አይደለም የቀዳው። ውጤቱ አንዴ ከወጣ ወጣ። ደግሞስ አለ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ማን ነው ቁጭ ብሎ አንተና አንቺ እየለየ የሚያዛት? እዚያ ነገር ፈጣን ነው፤ የሰማ ሰው ቶሎ ማድረግ ነው ያለበት።

ይህን ሲል ጫማውን አየሁት። አሸዋ ነክቶ አያውቅም።

ግንባታ ቦታ ላይ እኔን አንተ ያለኝ ሰው የለም አልኩት። ፎርማኑ ሲሰድበኝ እንኳ አንቺ ብሎ ነው የሰደበኝ፤ ምክንያቱም አንተ ካለ የሚነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ከሌላ ሸክም ጋር። ያንተ መሣሪያ የሚመርጠው ሌላ ሰው ሲጠራ መያዣውን የሚጎትተውን ነው። ይሁን፣ ምረጠው፣ እላይ ስቀለው። ግን እሱ ጭነቱን ሲያወርድ ከሥሩ ቁም። እኔ እዚያ ሥር ኖሬያለሁ፤ አንተም ትንሽ ኑርበት።

ኃላፊው ምን አደረገ? አንገቱን አዞረ። የልጅ ልጄን አየ።

«እማማ ትንሽ ተናደዋል መሰለኝ፤ ቤት ብትወስጃቸውስ?» አላት። «ለቀጣዩ ዙር እናይልሻለን።»

እኔም አየኋት። እውነቱን ለመናገር ትወስደኛለች ብዬ ነበር። ቅድምም እንሂድ ብላ ነጠላዬን ጎትታኝ ነበር። እሷ ግን በእኔና በእሱ መሐል አልፋ አልባሹ መነጽሩን ወደ ጣለበት ወንበር ሄደች። መነጽሩን አነሳች፣ ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ታፍታታው ጀመር። አንተም አንቺም ያላት ሰው የለም።

አልባሹ ሊያስነሳት ሲራመድ መሐል ገብቼ ቆምኩ። ዕድሜዬን የጠየቀኝ ሰው አሁን ቢገፋኝ ምን እንደሚባል ገብቶታል፤ ቆመ። ኃላፊው ደግሞ አሁንም ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ እኔ የምለውን ከእሷ አፍ ሊሰማ ይጠብቃል።

«ወዲህ ተመልከት፣» አልኩት። «እዚያ አይደለም፤ የምታናግርህ እኔ ነኝ። ውጤቱ አንዴ ከወጣ ወጣ ብለሃል፤ በወጣበት በር መልሰህ አስገባው። ምዝገባው ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋው፤ አሁን ቀን ነው፣ ልጅቷም ተቀምጣለች። መሣሪያህ አንቺ ማለት ካልቻለ ድምፁን ዝጋው። ከዚያ ና ከጎኗ ቁምና መያዣው ጋ ስትደርስ በገዛ አፍህ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ አንቺ፣ ሳቢው በላት። እኔን ደግሞ ስታናግር እኔን እያየህ፣ እርስዎ ብለህ ጀምር።»